ልዩ ቤይ ልጁን የወረወረ ቀን

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው። ስልኳ ደግሞ መደርደሪያው ላይ በርበሬው ጣሳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ የኔ ነው፤ ሦስቱ መንግሥታት የሚባለውን የቻይና ልብ ወለድ በአማርኛ ስተርክ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የጫማዬን ክር እየፈታሁ ራሴን እሰማለሁ። የራሴን ድምፅ መስማት አልወድም፤ እሷ ስትሰማ ማየት ግን እወዳለሁ።

ጃኦ ዩን የሚባለው ወታደር የጠላትን ጦር ብቻውን ሰንጥቆ ወጥቷል። ከጥሩሩ ሥር፣ ደረቱ ላይ፣ የጌታውን ሕፃን ልጅ ይዟል። ደም በደም ሆኖ መጥቶ ጌታው ፊት ተንበረከከ። ጥሩሩን ሲፈታው ልጁ እንቅልፉን ተኝቷል። በሁለት እጁ አቅፎ ለአባቱ ሰጠው። አባትየው ልዩ ቤይ ልጁን ተቀበለና መሬት ላይ ወረወረው። "በዚህ በጨቅላ የተነሳ ታላቅ ጀግናዬን ላጣ ነበር!" አለ።

የእናቴ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"ምን አደረገው?"

"ወረወረው።"

"ልጁን?"

"አዎ።"

"የገዛ ልጁን?" ስልኩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከሁለታችን ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት የምትሞክር ትመስላለች። "ይሄ ነው እንግዲህ ደጉ ሰውዬ?"

መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በዚህች መስመር ላይ ሳልቆም ነው ያለፍኩት።

ነገሩን ላስረዳ። አራት ዓመት ዉሃን ከተማ ተምሬአለሁ። የተማርኩት ሲቪል ምሕንድስና ነው፤ ከሥነ ጽሑፍ ጋር አይተዋወቅም። አንድ ቀን ዝናብ መጣና ታክሲ ያዝኩ። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ይሮጣል፣ ያንሾካሹካል፣ ይቆጣል፣ ፈረስ ይሆናል፣ ሴት ይሆናል። በመሃል ደግሞ ቷ! ይላል፤ እንጨት ጠረጴዛ ሲመታ። አረንጓዴ መብራት በራ፤ ሾፌሩ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ ክላክስ ሲነፋበት ነው የባነነው። ምን እንደሚሰማ ጠየቅሁት። "ሳንጉዎ" አለኝ። ሦስቱ መንግሥታት። "ታሪኩን አታውቀውም ነበር?" ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ስለሚያውቀው ነው የሚሰማው።

ያ አተራረክ ፒንግሹ ይባላል። አንድ ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያ፣ አንድ ቁራጭ እንጨት። እንጨቷ ሺንግሙ ትባላለች፣ የምታነቃ እንጨት እንደማለት ነው። ሰሚው ሲያንቀላፋ ወይም ታሪኩ ሲታጠፍ ቷ ትላለች። ዩዋን ኩዎቼንግ የሚባል ታዋቂ ተራኪ በ1980ዎቹ ሦስቱ መንግሥታትን ለሬዲዮ በ365 ክፍል ተርኮታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በቀን አንድ ብትሰማ ዓመት ይሞላልሃል።

የኔ ቻይንኛ አትክልት ይገዛል እንጂ ጦር ሜዳ አያደርስም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። አሜሪካ የሚኖር ትውልደ ቻይና የሆነ ሰው በ2014 በእንግሊዝኛ የጀመረውን ፖድካስት አገኘሁ። ይህንኑ ልብ ወለድ ከመቶ በሚበልጥ ክፍል ይተርካል። ሲጨርስ ደግሞ ሌላ የቻይና ልብ ወለድ፣ የ108ቱን ሽፍቶች መጽሐፍ ያዘ። የወደድኩለት ነገር መጽሐፉን አለማንበቡ ነው። ይነግርሃል። አጎትህ ስብሰባ ላይ የሆነውን መጥቶ እንደሚነግርህ። የማያስፈልገውን ይዘላል፤ ሰው እንዳይጠፋብህ መለስ ብሎ "ያ ባለፈው ከተማውን ያስረከበው ሰውዬ" ይልሃል። ፈተና እያለብኝ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የሰማሁበት ጊዜ አለ። ሃይድሮሊክስ ላይ ያመጣሁትን ውጤት አልነግራችሁም።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር ለእናቴ ትንሽ ትንሽ እነግራት ጀመር። ከዚያ ለጓደኞቼ በድምፅ መላክ መጣ። ከዚያ የቴሌግራም ቻናል ተከፈተ። አሁን 200 ገደማ ሰው ይሰማኛል። ስቱዲዮዬ ቁምሳጥኔ ነው፤ ካፖርትና ብርድ ልብስ ድምፅ ይውጣል። በሩን ዘግቼ፣ ስልኬን ጫማ ሳጥን ላይ አቁሜ፣ ላብ በላብ ሆኜ ስለ ጥንት ቻይና አወራለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች አስቀያሚ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ "ዜና እያነበብክ ነው እንዴ?" ብሎ ጻፈልኝ። እናቴ የባሰ ነገር ተናገረች። እሷ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ሥራ እየተወች የሰማች ሴት ናት። "ወጋየሁ እንዲህ አይሮጥም ነበር" አለችኝ። "ማን አባረረህ?" ከወጋየሁ ጋር መወዳደር ግፍ ነው፤ ግን ልክ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽፌ ማንበቤን ተውኩ። ምዕራፉን አነባለሁ፣ መጽሐፉን እዘጋለሁ፣ ቁምሳጥን እገባለሁ።

ስለ መጽሐፉ ትንሽ ልበል። ባለ 120 ምዕራፍ ልብ ወለድ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሉዎ ጓንጆንግ ጻፈው ይባላል፤ ተርፎ የተገኘው ጥንታዊው ኅትመት የ1522 ነው። ታሪኩ የሚነሳው በ184፣ ራሳቸው ላይ ቢጫ ሻሽ ያሰሩ ገበሬዎች በሃን መንግሥት ላይ ሲያምፁ ነው። አገሪቱ ለሦስት ትከፈላለች፤ ዌይ፣ ሹ እና ዉ። በ280 ተመልሳ አንድ ትሆናለች። በመሃሉ ጦርነት፣ ክህደት፣ ግብዣና ደብዳቤ ነው።

የሚገርመው ግን መጽሐፉ ከመጻፉ በፊት መሰማቱ ነው። ሱ ሺ የሚባለው የ11ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ የተወልን አንድ ማስታወሻ አለ። በመንደር ያስቸገሩ ልጆች ሲኖሩ፣ ቤተሰብ ሲሰለቸው ሳንቲም ሰጥቶ ተራኪ ዘንድ ይልካቸዋል። ልጆቹ ተቀምጠው የድሮ ታሪክ ይሰማሉ። የሦስቱ መንግሥታት ተራ ሲደርስና ልዩ ቤይ ሲሸነፍ ግንባራቸውን ይቋጥራሉ፣ የሚያለቅስም አለ። ባላጋራው ጻኦ ጻኦ ሲሸነፍ ደግሞ በደስታ ይጮኻሉ። ይህ እንግዲህ ሉዎ ጓንጆንግ ከመወለዱ በፊት ነው። ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነ ሳንቲም የተሰጣቸው ረባሾች አስቀድመው ጨርሰውታል።

የመጽሐፉ ምዕራፎች ዛሬም የሚዘጉት በዚያው በተራኪው አፍ ነው። ሰው ሰይፍ አንስቶ ሊቆርጥ ሲል፣ "የዚህን ሰው ነፍስ መጨረሻ ለማወቅ የሚቀጥለውን ስሙ" ይላል። ስሙ ነው የሚለው፣ አንብቡ አይልም። ቁምሳጥን ውስጥ ሆኜ ይህን ዓረፍተ ነገር ስናገር አዲስ ነገር የፈጠርኩ አይመስለኝም። ዕቃ ወደ ቤቱ የምመልስ ነው የሚመስለኝ።

ስም ግን ገደለኝ። ስም ያለው ከሺህ በላይ ሰው ነው የሚመላለሰው። አማርኛ አንዳንድ ቦታ ረድቶኛል። ጻኦ ጻኦን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ፊደሉን አይተው "ካኦ ካኦ" ይሉታል። እኛ ጸ አለን። ልኩን ባንመታ እንኳን ሰፈሩ ደርሰናል። ልዩ ቤይን ደግሞ ስጽፈው ራሱ "ልዩ" ሆኖ ቁጭ አለ። እናቴ ይህን ስም አልረሳችውም፤ በኋላ ስትናደድበት "ምኑ ነው ልዩ?" ለማለት ተመቻት።

ችግሩ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ስም አለው። የተወለደበትና ለአካለ መጠን ሲደርስ የሚወጣለት። ልዩ ቤይ ሹዋንደ ይባላል፣ ጻኦ ጻኦ ደግሞ መንግደ። መጽሐፉ ሲያሻው በዚያ፣ ሲያሻው በዚህ ይጠራቸዋል። ለሰሚዎቼ እንዴት እንደማስረዳ ሳስብ ሁለት ሌሊት ፈጀሁ። መጨረሻ ላይ "እንደ ፈረስ ስም ያዙት" አልኩ። አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ መሆኑን ማንም አይጠይቅም። በርግጥ የቻይናው ከፈረስ ጋር አይገናኝም። ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ከዚያ በኋላ ማንም ጠፋብኝ አላለም።

ሌላው ዘዴ መጣል ነው። ለአንድ ገጽ ብቅ ብሎ የሚሞተውን ሰው ስሙን አልጠራም፤ "አንድ የጦር አለቃ" ብዬ አልፋለሁ። መጀመሪያ ቀላል ነበር። ውሎ አድሮ ይከነክነኝ ጀመር። ስሙ 1,800 ዓመት ጦርነቱን ሁሉ አልፎ መጥቶ፣ እኔ አዲስ አበባ ቁምሳጥን ውስጥ አጠፋዋለሁ። አንዳንዴ ዝም ብዬ አንዱን እመርጥና እጠራዋለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የወደድኩት ክፍል የትኩሱ መጠጥ ነው። ኋ ሾንግ የሚባል ጀግና የተባበሩትን መኳንንት የጦር አለቆች አንድ በአንድ እየጣለ ነው። ድንኳን ውስጥ ያሉት ሁሉ ፊታቸው ጠቁሯል። ጓን ዩ የሚባል፣ ማዕረጉ ዝቅ ያለ ተራ ቀስተኛ ከኋላ ተነስቶ "እኔ ልሂድ" ይላል። አንዱ መኮንን ይሰድበዋል። ጻኦ ጻኦ ግን ትኩስ መጠጥ ቀድቶ ይሰጠዋል። ጓን ዩ "ይቆይልኝ፣ አሁን እመለሳለሁ" ብሎ ይወጣል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ። አብሮት አይወጣም። ድንኳኑ ውስጥ ይቀራል። ከውጭ ከበሮ ይሰማል፤ ጩኸት ይሰማል፤ ሰማይ የተቀደደ፣ ተራራ የተናደ ይመስላል። መኳንንቱ ሰው ልከው ሊያጣሩ ሲሉ የፈረስ ቃጭል ይሰማል። ጓን ዩ ገብቶ የኋ ሾንግን ራስ መሬት ላይ ይጥላል። መጠጡ ገና አልቀዘቀዘም።

ውጊያውን አላየነውም። ሰማነው። ይህን የጻፈው ሰው፣ ወይም ከእሱ በፊት የተረከው ሰው፣ ጆሮን አሳምሮ ያውቅ ነበር። እኔ ሲኒ በማንኪያ ከመምታት በቀር የጨመርኩት የለም።

ግን አበላሸሁት። ራሱ መሬት ከመውደቁ በፊት "በነገራችን ላይ" ብዬ ገባሁ። እንደ ታሪክ መዝገቡ ከሆነ ኋ ሾንግን የገደለው ጓን ዩ አይደለም፤ ሱን ጂያን የሚባል የሌላ የጦር አለቃ ሠራዊት ነው አልኩ። ቼን ሾው የሚባለው የ3ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ምን እንዳለ አብራራሁ። አንዲት ሰሚ በማግስቱ ጻፈችልኝ፦ "መጠጡን አቀዘቀዝከው።" ሌላ ምንም አላለችም።

እልኸኛ ነኝ፣ ወዲያው አልተውኩም። ጃንግ ሹዌቸንግ የሚባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን ምሁር ይህን መጽሐፍ ሰባት እጅ እውነት፣ ሦስት እጅ ፈጠራ ብሎታል፤ አንባቢን ያምታታል ብሎም አማሯል። እኔም የእሱ ወገን ነበርኩ። ሰው ውሸት ይዞ እንዳይቀር ኃላፊነት የተሰማኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ማወቄን ሰው እንዲያውቅልኝ ነው። አሁን እርማቱን ለብቻው፣ በሳምንቱ መጨረሻ፣ በአምስት ደቂቃ እለቀዋለሁ። ሠላሳ ሰው ይሰማዋል። እናቴ አትሰማውም።

ስለ ቢላው ደግሞ ልንገራችሁ። ጻኦ ጻኦ ሲሸሽ፣ ቼን ጎንግ ከሚባል ሰው ጋር የአባቱ የቆየ ወዳጅ ሉ ቦሸ ቤት ያድራል። ሽማግሌው "ጥሩ መጠጥ የለኝም" ብሎ አህያ ላይ ወጥቶ ወደ ጎረቤት መንደር ይሄዳል። ሁለቱ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ከጓሮ ቢላ ሲሳል ይሰማሉ። ቀስ ብለው ሲጠጉ አንድ ድምፅ "አስረን ብንገድለው?" ይላል። ጻኦ ጻኦ ሰይፉን ይመዝና ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጨርሳል። ስምንት ሰው። ወጥ ቤት ሲገቡ የታሰረ አሳማ ያገኛሉ።

እዚህ ላይ አማርኛ አስጨነቀኝ። ቻይንኛው ለሰውም ለአሳማም አንድ ግሥ ነው የሚጠቀመው፤ ወጥመዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። በእኛ ግን ሰው ይገደላል፣ ከብት ይታረዳል። "እንግደለው" ካልኩ በኋላ አሳማ ሲመጣ ያጭበረበርኩ ይመስላል። "እንረደው" ካልኩ ደግሞ ይነቃብኛል ብዬ ፈራሁ። ብዙ አውጥቼ አውርጄ "አስረን ብናርደው" አልኩ። ሰው ላይ ሲነገር የባሰ ያስፈራል፣ ያደናግራል ብዬ ነው።

ማንንም አላደናገርኩም። እናቴ ገና ቢላው ሲሳል "በግ ነው!" አለች። "እንግዳ ቤት ገብቶ፣ ከጓሮ ቢላ ሲሳል፣ በግ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?" ቻናሉም ላይ እንደዚያው ነው። እኔ ያዘጋጀሁት የመጨረሻ ዱብ ዕዳ ነበር። እነሱ ግን ከጻኦ ጻኦ ቀድመው ደርሰው፣ ሰይፉን ሲመዝ "ተው! ተው!" ሲሉት ነበር። ይህ የባሰ ያማል። አሳማውን በበግ ልቀይረው ከጅሎኝ ነበር፤ እናቴ አሳማ ሲባል ፊቷን አጨማደደች። ግን አሳማ ነውና አሳማ ብዬ ተውኩት።

ከዚያ የሚመጣው ነው አስቸጋሪው። ሲሸሹ ሽማግሌው መንገድ ላይ ያገኛቸዋል፤ አህያው ላይ ሆኖ መጠጥና አትክልት ይዟል። "እንዴት ሳታድሩ? አሳማ አሳርጄላችሁ ነበር" ይላቸዋል። ጻኦ ጻኦ "ያ የሚመጣው ማነው?" ብሎ ዞር ያሰኘውና ይገድለዋል። ቼን ጎንግ ሲወቅሰው የታወቀውን መልስ ይሰጣል፤ ዓለም ሁሉ እኔን ከሚበድለኝ እኔ ዓለምን ብበድል ይሻላል።

በነገራችን ላይ (እዚህ ማለት እችላለሁ፣ ቁምሳጥን ውስጥ አይደለሁም) ጻኦ ጻኦ ከሞተ ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ429፣ ፔይ ሶንግጂ የሚባል ሊቅ የቼን ሾውን መዝገብ ሲያብራራ ለዚህ ነገር ሦስት የተለያየ ወሬ ሰብስቧል። በአንዱ የቤቱ ልጆች ሊዘርፉት ተነስተውበት ነው የገደላቸው። በሌላው ተጠራጥሮ ነው። በሦስተኛው የዕቃ ድምፅ ሰምቶ የተዶለተበት መስሎት ነው፤ ከገደለ በኋላም አዝኖ "ሰው ከሚበድለኝ እኔ ሰው ብበድል ይሻላል" ይላል። አዝኖ ነው። ልብ ወለዱ ኀዘኑን አወጣና "ሰው" የሚለውን "ዓለም ሁሉ" አደረገው። አንዲት ቃል ሰፋች፣ ሰውየው ለዘላለም ክፉ ሆነ። እኔ የቱን ልተርክ? ልብ ወለዱን ተከተልኩ። እናቴ ገና ቢላው ላይ ፈርዳበት ነበር፤ ይግባኝ የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጻኦ ጻኦ ክፉ፣ ልዩ ቤይ ደግ። የሱ ሺ ረባሾች እንዳሉት። እስከ 19ኛው ምዕራፍ ድረስ በዚህ ቆየን።

19ኛው ምዕራፍ ላይ ልዩ ቤይ ተሸንፎ ይሸሻል። ልዩ አን የሚባል ወጣት አዳኝ ቤት ያድራል። አዳኙ ለትልቅ እንግዳ የሚያቀርበው የአደን ሥጋ ያጣል። ሚስቱን ይገድልና ሥጋዋን ያቀርባል። "የምን ሥጋ ነው?" ሲባል "የተኩላ" ይላል። ልዩ ቤይ በልቶ ይተኛል። ጠዋት ፈረሱን ሊያመጣ በጓሮ ሲያልፍ የሴት ሬሳ ወጥ ቤት ወድቆ ያያል፤ የክንዷ ሥጋ ተቆርጧል። ያለቅሳል። ፈረሱ ላይ ይወጣል። አዳኙን አብረን እንሂድ ይለዋል፤ አዳኙ የምጦራት እናት አለችኝ ብሎ ይቀራል። በኋላ ጻኦ ጻኦ ይህን ሲሰማ ለአዳኙ መቶ ወቄት ወርቅ ይልክለታል። መጽሐፉ ይህን የሚነግረን የአዳኙን ታማኝነት እንድናደንቅ ነው። አንድ ገጽ እንኳን አይሞላም።

ሳነበው ዘግንኖኝ አልፌዋለሁ። ዓይን ማለፍ ይችላል። አፍ ግን አይችልም፤ ልናገረው ስል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ቆረጥኩት። "ልዩ ቤይ አንድ አዳኝ ቤት አድሮ ጠዋት ሄደ" ብዬ አለፍኩ። እውነት ነው፣ አድሯል፣ ሄዷል።

ሁለት ቀን ቆይቶ አንድ ሰው በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "አዳኙስ?" ቻይና የተማረ መሆን አለበት። ምንም መልስ አልሰጠሁም። ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስማቸውን የጣልኳቸውን የጦር አለቆች አሰብኩ። እነሱ ቢያንስ መጽሐፉ ላይ ስም አላቸው። ይህች ሴት መጽሐፉም ላይ ስም የላትም። ሬሳዋን እኔ ደግሞ ከወጥ ቤቱ ጎትቼ አወጣሁት። ክፍሉን እንደገና ቀዳሁት። ምንም ሳልጨምር እንዳለ ነገርኩት። መጨረሻ ላይ ብቻ "ስሟ አልተጻፈም" አልኩ።

እናቴ ስልኩን አጠፋች። ሦስት ቀን አልሰማችም። በአራተኛው ቀን ቡና እየቆላች፣ ቀና ሳትል፣ "በልቶ አወቀ አይደል?" አለችኝ።

"አወቀ።"

"ከዚያ አብረን እንሂድ አለው።"

"አዎ።"

"ይሁን" አለች። ምን ይሁን እንዳለች አልጠየቅኋትም። ከዚያ ቀን በኋላ ልዩ ቤይን "ሰውዬው" ነው የምትለው።

እንግዲህ ልጁ የተወረወረው በዚህ ላይ ነው። 42ኛው ምዕራፍ፤ ዘመኑ 208። ልዩ ቤይ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተከትሎት ከጻኦ ጻኦ ይሸሻል። ቻንግባን ላይ ይደረስበታል። ጃኦ ዩን ተመልሶ ጦሩ ውስጥ ይገባል፣ የጌታውን ሚስት እመቤት ሚን በተቃጠለ ግንብ ሥር፣ ደረቅ ጉድጓድ አጠገብ ቆስላ ያገኛታል። ፈረስ አንድ ነው። ልጁን ትሰጠውና ጉድጓዱ ውስጥ ራሷን ትወረውራለች። በታሪክ መዝገቡ ላይ ጃኦ ዩን ልጁን ታቅፎ፣ ወላጅ እናቱን እመቤት ጋንን ጠብቆ፣ ሁለቱንም አትርፏል። ውርወራው የለም። ልብ ወለዱ ነው የወረወረው።

ቻይናዎች ራሳቸው በዚህ ነገር ይቀልዳሉ። "ልዩ ቤይ ልጁን ወረወረ" ሲሉ "የሰው ልብ ሊገዛ" ማለታቸው ነው። ያ ልጅ አድጎ ነገሠ፤ በ263 መንግሥቱን ለጠላት ያስረከበው እሱ ነው። ጭንቅላቱን ያን ቀን ተመትቶ ነው የሚሉም አሉ። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። አልሳቀችም።

"ወታደሩ ምን አለ?"

"ልጁን ከመሬት አነሳው። አለቀሰ። ሕይወቴን ብሰጥህም ውለታህን አልከፍልም አለው።"

"ለሰውዬው?"

"ለሰውዬው።"

ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ጠጠር ስትወረውር ከወትሮው ራቅ አድርጋ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነው። የዕጣን ሽታ በረንዳው ድረስ ወጥቷል። እትዬ አስካለ፣ ጎረቤታችን፣ ቡና ላይ ናቸው። የእናቴ ድምፅ ነው የሚሰማው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይሮጥ።

"…ጥሩሩን ሲፈታው ልጁ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ያ ሁሉ ጦር ሲጮህ አልሰማም።"

"የልጅ እንቅልፍ!" አሉ እትዬ አስካለ።

"ለአባቱ ሰጠው። ሰውዬው ተቀበለና ብድግ አድርጎ ሊወረውረው ሲል…"

"እ!"

"ወታደሩ ቀለበዋ።"

"ተመስገን።"

"መሬት ሳይነካ። እንዲህ አድርጎ።" ሲኒ ሲጋጭ ተሰማኝ፤ በእጇ ያሳየቻቸው መሰለኝ።

"ጎበዝ! ማነው ስሙ?"

"ጃኦ የሚሉት ነው። ጃኦ…" ዝም አለች። "ሁለተኛው ጠፋኝ። ልጄ ሲመጣ እንጠይቀዋለን።"

ጫማዬን በእጄ ይዤ በጓሮ በር ገባሁ።